ነጠላው ከሚስማሩ የወረደ ቀን

በዚያን ቀን በጋሽ ይርሳው የእንጨት ሥራ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ የቤቱ ባለቤት ጋሽ ይርሳው፤ ከስማዳ መጥቶ እሳቸው ዘንድ በማሽን የሚሠራው አበጀ፤ ልጄ ስንዱ፤ ለደብራቸው ያዘዙትን ቁም ሳጥን ሊያዩ ከቤተ ልሔም አቅጣጫ የመጡት መሪጌታ ጥበቡ፤ እና ምሳ ይዤ የሄድኩት እኔ። ሌላ ሰው አልነበረም። ኋላ ሰው ሲያወራው ግማሹ ገበያተኛ እዚያ ቆሞ ያየ ይመስል ነበር፤ ግን አምስት ነበርን። ጋሽ ይርሳውና መሪጌታ አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ስንዱ አለች፤ እኔም አለሁ። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አበጀ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከገበያ ስመለስ፣ ከንፋስ መውጫ መናኸሪያ ከፍ ብሎ ባለው መታጠፊያ ላይ አዲስ የበርና የቁም ሳጥን መሥሪያ ተከፍቶ አገኘሁ። ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ ነው የነገረኝ። እንጨት በማሽን ሲታሽ የራሱ ሽታ አለው፤ የሰጋቱራ ሽታ ብቻ አይደለም፣ ከሥር ያለው ኮላ ሲሞቅ እንደተቃጠለ ቀንድ ያለ ነገር ይቀላቀልበታል። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጡሩንባውን ነፍቶ፣ «እማማ፣ መንገዱን ገዙት እንዴ?» አለኝ። «እለፍ ልጄ፣ እለፍ» አልኩት። ወደ ውስጥ ባይ አንድ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ በሳንቃ ላይ ማሽን ይነዳል፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል፣ ጫፉ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። «ሻርፕህን!» ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም። ገብቼ የበሩን መቃን በቁልፌ ደበደብኩት። ማሽኑን አጠፋና፣ «እናቴ፣ በር ሊያሠሩ ነው?» አለኝ። «አይደለም፤ ሻርፕህን አውልቅ።» አእምሮዋን ስታለች ብሎ ሳያስብ አልቀረም፤ ግን አወለቀው። እኔ ቤቴ ገብቼ ያን ቀን ምንም ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ያኔ ንፋስ መውጫ እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ አይታወቅም፤ ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ዕቃ በጋሪ ይጫናል። ስሙኒ ይዞ የወጣ ሰው ዳቦ ይዞ ይመለስ ነበር፤ ዛሬ ስሙኒ ለልጅ መጫወቻ እንኳ ብትሰጥ የሚቀበል የለም። ብርዱ እንደ ዛሬው ነው፤ ወንዶቹ ከውስጥ ሹራብ፣ ከላይ ካኪ ኮት ይደርባሉ፣ እኛ ነጠላችንን በጋቢ እናጠናክራለን። ለጭቃው የላስቲክ ጫማ፣ ለበዓሉ ሸራ ጫማ ነበር፤ ሸራ ጫማውን ነጭ አድርጎ ማዋል የቻለ ሰው በሰፈሩ ይወራለታል። ከጋሽ ይርሳው ቤት ፊት ለፊት ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ነበረ። ክሩ ሲዝረከረክ ባለሱቁ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ መልሶ ይከተዋል፤ ማሲንቆ ያለበትን የናፍቆት ዘፈን ከረፋድ ጀምሮ ይለቀዋል። መብራት ሲሄድ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየወፈረ መሀል ቃል ላይ ይቀራል። የኛ ሰፈር መብራት መሄዱን የሚያውቀው በዚያ ነበር። ሲመለስ ደግሞ ዘፈኑ ከተቋረጠበት ይቀጥላል፤ አላፊ አግዳሚው ይስቃል። እኔ ግን አያስቀኝም ነበር። ሞተ ያልኩት ነገር ድንገት ሲናገር ልቤ ይመታል፤ ተፈጥሮዬ ነው።

ስንዱ ከወለድኳቸው የተረፈችልኝ ናት። ሌሎቹን አፈር በላቸው፤ አባቷም ገና ጡት ሳትጥል ነው የሞተው። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ በጋብቻ የቀረሁ ሴት ነኝና ልጅ እንዴት እንደሚጠበቅ ያስተማረኝ ትምህርት ሳይሆን ሞት ነው። ስታስነጥስ እደነግጣለሁ፤ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ እስክትመለስ በር ላይ እቆማለሁ። ጎረቤቶቼ «እሷ እኮ እንቁላል ላይ የተቀመጠች ዶሮ ናት» ይሉኝ ነበር፣ እየሰማሁ። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጥልፍ ትማርልኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ፀጉሯ ውስጥ ሰጋቱራ ይዛ ትመጣለች። ጋሽ ይርሳው አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «እጇ የረጋ ነው፤ የወንዶቹ እጅ ይቸኩላል፤ ስጭኝ» አሉኝ። መጀመሪያ ቫርኒሽ ቀባች፤ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት እያሸች እንጨት ማለስለስ ያዘች። ወረቀት ሰው አይገድልም ብዬ ተውኳት። ኋላ ማሽኑ መጣ።

ማሽኑ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የመጣው፤ ሰው እንደ ሙሽራ ወጥቶ አየው። ቅርጹ የከሰል ካውያ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ በሁለት ጥቅልሎች ላይ ይሽከረከራል። እጀታው ላይ ጣት ሳይደክም እንዲሠራ የሚቆልፍ ትንሽ ቁልፍ አለው፤ አንዴ ከተጫነ ሰው እጁን ቢያነሳም ማሽኑ አይቆምም። ይህን በኋላ ነው የተማርኩት። ያን ጊዜ የማውቀው ድምፁን ብቻ ነበር፤ ከሩቅ ስሰማው ልጄን የሚጠራ አውሬ ይመስለኛል።

ማሽኑን የሚያውቀው አበጀ ነበር። ከስማዳ፣ ከወገዳ በኩል ነው የመጣው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት ሰው። ልጅ ሆኖ በቆሎ ተማሪነት ዞሯል፤ ኋላ ባሕር ዳር ወርዶ እንጨት ሥራ ለመደ። ለስንዱ ማሽን ሊያስተምራት መሆኑን ስሰማ ሮጬ ሄድኩ።

«አበጀ፣ በእናትህ፣ ለሷ አትስጣት።»

«የስንዱ እናት፣ አይዞዎት፤ ይሄ ማሽን ጾመኛ ነው። እንጨት እንጂ ሥጋ አይነካም።»

«ቢገድፍስ?»

«ቢገድፍ ንስሐ እናስገባዋለን» አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እንዲህ ይቀልድ እንጂ በሥራው ላይ ቀልድ አያውቅም። ስንዱን እጅጌዋን እስከ ክርኗ አስጠቅልሎ፣ ፀጉሯን በሻሽ አሳስሮ፣ ነጠላዋን በሩ አጠገብ ባለ ሚስማር ላይ ያሰቅላታል። የተንጠለጠለ ነገር ይዞ ወደ ማሽኑ የሚጠጋ ሰው ካየ ጋሽ ይርሳውንም ቢሆን ይቆጣል። ይህን ሳይ ትንሽ ተነፈስኩ፤ ፍርሃቱ ግን አልወጣልኝም፤ ምሳ እያመላለስኩ በሰበቡ እጠብቃት ነበር።

የቁም ሳጥኑ ነገር እንዲህ ነው። መሪጌታ ጥበቡ ለደብራቸው የብራና መጻሕፍት ማስቀመጫ አዘዙ። ውስጡ ተራ ሳንቃ፣ ላዩ ግን ቬኔር ነበር፤ ከመልካም ዛፍ በስሱ የተላጠ፣ በኮላ የሚለጠፍ ሽፋን። ውፍረቱ ከሽንኩርት ልጣጭ አይበልጥም። ጋሽ ይርሳው ክረምቱን ሙሉ ጠብቀው ነው ከአዲስ አበባ ያስመጡት፤ ትርፍ አልነበረውም። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆመ ሽፋኑን ይበላና ከሥር ያለው ሳንቃ ቆረቆር እንደያዘው ራስ ይገለጣል፤ ያ ከሆነ መመለሻ የለውም። ስለዚህ አበጀ በእርሳስ ከዳር እስከ ዳር ስስ መስመር ያሰምርበታል። «መስመሩ ሲጠፋ አንሺ፤ ከዚያ በላይ አንድ ጊዜ እንኳ አትድገሚ» ይላታል። የማሽኑን እርምጃ ደግሞ በቆሎ ተማሪነቱ በለመደው ነው ያስተማራት፦ በአንድ እግዚኦ ትሄዳለች፣ በአንድ እግዚኦ ትመለሳለች። ስንዱ በማሽኑ ጩኸት ውስጥ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ስትሠራ ሳያት፣ ቢያንስ እየጸለየች ነው ብዬ ራሴን አጽናና ነበር።

ዐቢይ ጾም ነበርና ምሳ የምወስደው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። በዚያን ቀን ስደርስ ሌሎቹን የቁም ሳጥኑን በሮች አበጀ ጨርሷቸው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ የመጨረሻውን ለስንዱ ሰጥቷታል። መሪጌታ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን በመቋሚያቸው ላይ አሳርፈው ያያሉ። ጋሽ ይርሳው አላዩም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መላጊያ ይስላሉ። ያ ሳንቃ ቢበላ ስማቸው ከነቤታቸው እንደሚወድቅ ያውቃሉ። እኔ ሳህኑን ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ።

«ይህች ልጅ ምን ትላለች?» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ከማሽኑ በላይ አድርገው።

«እግዚኦ ትላለች፣ አባቴ» አለ አበጀ።

«ለማሽኑ?»

«ለማሽኑስ አይደለም፤ ለቬኔሩ ነው እንጂ።»

መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። እየሳቁ ሳሉ ከማዶ ያለው ዘፈን ወፈረ፣ ወፈረና ቆመ። የስንዱ ማሽንም እያቃሰተ ዝም አለ። መብራት ሄደ። መስመሩ ከአንድ ጠርዝ በስተቀር ሁሉም ጠፍቶ ነበር። ስንዱ ማሽኑን እዚያው ሳንቃው ላይ እንዳለ ተወችው፤ የደነዘዙ ጣቶቿን አፍታታች፣ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። ፊቷ ሁሉ ዱቄት ነበር።

መሪጌታ ብድግ አሉ። «እግዚአብሔር ጸጥታ ከሰጠንማ ለመጻሕፍቱ ማደሪያ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እናድርስለት» አሉ። ስንዱን አዩዋት፤ ለሥራ እንደታጠቀች፣ እጅጌዋ እንደተጠቀለለ ናት። «ነጠላሽን አጣፊ፣ ልጄ።»

ሄዳ ነጠላውን ከሚስማሩ አወረደችው። አበጀ አፉን ሊከፍት ሲል አይቼዋለሁ፤ ወደ ማሽኑ አየ፣ ወደ መሪጌታ አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። መሪጌታ ለጸሎት ቆመው ማን ያቋርጣቸዋል? ማሽኑስ ቢሆን በድን ነበር። መብራት የሌለው ማሽን ድንጋይ ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው ያሰብነው። እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር። ነጩን ነጠላ አጣፍታ፣ ከዱቄቱ መሀል ብቅ ስትል የድሮ ልጄን መሰለችኝ። ወደ ምሥራቅ ዞርን። ስንዱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመች። መሪጌታ መሩ፣ ተከተልን፤ ስንጨርስ ለመስገድ ጎንበስ አልን።

ከማዶ ዘፈኑ ከመሀል ቃሉ ቀጠለ።

ያየሁትን ልጻፍ። የእጀታው ቁልፍ እንደተጫነ ቀርቶ ኖሮ ማሽኑ ሳንቃው ላይ ዘለለ። የሚይዘው እጅ የለም፤ ቬኔሩን እየቀደደ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ተወረወረ። ስንዱ ካጎነበሰችበት ቀና ስትል የነጠላው ዘርፍ ከቀበቶው ሥር ገባ። ጥቅልሉ ነጠላውን ይበላው ጀመር፤ አንገቷ ላይ የተጣፋው ሁሉ ጠበቀ፣ ወደ ማሽኑ ጎተታት። ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። ጋሽ ይርሳው ወደ ሶኬቱ ሮጡ፤ ሶኬቱ ግን ከተደገፉት በሮች ጀርባ ነበር። አበጀ ቆም ብሎ አላሰበም። ቀኝ እጁን በልጄ ጉሮሮና በሚሽከረከረው ቀበቶ መካከል አስገባ፤ ማሽኑን በባዶ እጁ ይዞ አገደው። ጋሽ ይርሳው በሮቹን ገልብጠው ሽቦውን ከግድግዳው እስኪነቅሉት ድረስ አለቀቀም።

እኔ ወደ ልጄ ነው የሮጥኩት። ነጠላውን ከአንገቷ ፈታሁ፣ ሻሿን ፈታሁ፣ ጆሮዬን አፏ ላይ አድርጌ እስትንፋሷን አዳመጥኩ። ትተነፍሳለች። አንገቷን ዙሪያውን እንደ ማተብ ያለ ቀይ ሰንበር ከቦታል፤ ትተነፍሳለች። አበጀን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። መሪጌታ እያለቀሱ የነጠላውን ቅዳጅ እጁ ላይ ይጠመጥማሉ፤ ነጩ ነጭነቱን አጥቷል። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«የስንዱ እናት» አለኝ፣ «ገደፈ።»

በጋሪ ጤና ጣቢያ አደረስነው፤ እነሱ ወደ ደብረ ታቦር ላኩት። ስንዱ ውኃ እንኳ መዋጥ አቅቷት ሰነበተች። ማሽኑ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ጥግ ተወረወረ። የመጨረሻው በር መሀሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተበልቶ፣ ሳንቃው ገጥጦ ቀረ። መሪጌታ እንዲሁ እንወስደዋለን ቢሉም ጋሽ ይርሳው እምቢ አሉ፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ ለቤተ ክርስቲያን አልሰጥም ብለው። እኔ ስለ በሩ አልተጨነቅሁም። ልጄ ያን ቤት ዳግመኛ እንዳትረግጥ ተስያለሁ፤ ጥልፍ የምታስተምር ሴትም አነጋግሬ ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ አበጀ እጁን በነጭ ፋሻ አስሮ መጣ። ከፋሻው ጫፍ ሁለት ጣቶች ይታያሉ፤ አውራ ጣቱ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው አይንቀሳቀስም። በቀጥታ ቤቴ ገባና ስንዱን፣ «ተነሺ፣ በሩን እንጨርሰው» አላት። ተነሳች። ተከትያቸው ሄድኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ዳሩ ሲቆረጥ ከወደቀው የቬኔር ቁርጥራጭ፣ የእንጨቱ መስመር ከበሩ ጋር የሚገጥም እንድትፈልግ አደረጋት፤ የተበላውን ቦታ በምላጭ ባለ አራት ማዕዘን አስቆረጣት፤ ቁራጩን ልክ በልክ አስገጥሞ በኮላ አስለጠፋት። እሱ ቆሞ በአፉ ብቻ ነበር የሚሠራው። ሲደርቅ በአዲሱ ቁራጭ ላይ በግራ እጁ በእርሳስ አሰመረበትና ማሽኑን ከብርድ ልብሱ አስወጣው።

«በእጅ ታሸው» አልኩ። «ትንሽ ቦታ ናት፤ በወረቀት ታሸው።»

«በእጅ ካሸችው ከዛሬ በኋላ ማሽን አትነካም።»

«አትንካ! እኔስ ምን አልኩ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የስንዱ እናት፣ እሷ ካልነካችውማ እኔ እጄን ለምን ሰጠሁት?»

የሽቦውን ጫፍ አንስቶ በግራ እጁ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «እንግዲህ የሶኬቱ ሹም አንቱ ነዎት። እኔ ይሰኩ ስል ይሰካሉ፤ ይንቀሉ ስል ይነቅላሉ። መብራት ቢሄድ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቁ ይነቅላሉ።» ሶኬቱን ማግኘት አቃተኝ፤ ጋሽ ይርሳው ናቸው የመሩኝ። ሰካሁ። ያ ድምፅ ተነሳ። ስንዱ እጅጌዋ ተጠቅልሎ፣ አንገቷ ባዶ፣ ሰንበሩ ገና ሳይጠፋ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ሄደች፣ ተመለሰች። ዓይኔን ከእርሳሱ መስመር ላይ አላነሳሁም። መስመሩ ሳሳ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። አነሳችው። አበጀ ይንቀሉ ከማለቱ በፊት ነቅዬ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ስማዳ ተሳፈረ። ሐኪሞቹ እጁን ከዚህ በላይ አናሻሽለውም ብለውታል፤ እናቱ አገር ጠበል ሊጠመቅ ነው የሄደው። ለዳግማይ ትንሣኤ እመለሳለሁ ብሎ የሥራ ልብሱን እዚያው ትቶት ሄደ። አልተመለሰም። ጋሽ ይርሳው በነጋዴ እጅ መልእክት ላኩ፤ አንዱ ለአጨዳ ወደ መተማ ወርዷል አለ፣ ሌላው ገዳም ገብቷል አለ፣ ሌላው በሕይወት የለም አለ። ስንዱ በቦታው ማሽኑን ያዘች። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ወገዳ ድረስ ሄጄ ጠይቄአለሁ፤ እናቱ አርፈው ቤቱ ተዘግቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ጊዜው እየተለዋወጠ፣ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ስልኩም ሲጠፋና ሲመጣ ዓመታት አለፉ።

አሁን ስንዱ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ውስጥ የራሷ የእንጨት ሥራ ቤት አላት። ሠራተኞቿ ሻርፕና ነጠላ በሩ ላይ ሰቅለው ነው የሚገቡት። እኔ እዚህ መብራት በሄደ ቁጥር፣ እዚያም ሄዶ እንደሆነ ብዬ እደውላለሁ።

«መብራት ሄደ እንዴ እናንተ ጋ?»

«ሄዷል፣ እማዬ።»

«ነቀልሽው?»

«ነቅዬዋለሁ።»

«ሂጂና እስቲ እዪው።»

«እማዬ፣ በእጄ ይዤዋለሁ እኮ! አሁን ከሰው ጋር ነኝ።»

ትስቅብኛለች፤ ሠራተኞቿም ይስቃሉ፣ ይሰማኛል። ይሳቁ። የእኔ ፍርሃት አሁን ከማሽኑ ወደ አበጀ ዞሯል። ሞቷል ያሉኝን ልቤ አልተቀበለም። የምፈራው የማይጨብጥ እጅ ይዞ አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ የሚያጎርሰው ሰው አጥቶ፣ እኛም የረሳነው መስሎት እንዳይሆን ነው። አናጢ ያለ ቀኝ እጁ በምን ይኖራል? ይህን ሳስብ እንጀራ አይወርድልኝም። ስንዱ ማሽን በጨበጠች ቁጥር የምትጨብጠው በማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች፤ ግን ስለ እሱ ስናወራ ሁለታችንም ቶሎ ወሬ እንለውጣለን።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ የስማዳ ሰዎች፣ መተማና ሁመራ ለሥራ የወረዳችሁ፣ በገዳማቱም ያላችሁ፣ እለምናችኋለሁ። አበጀ ይባላል። ረጅም ቀጭን ነው፤ ፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው፤ አሁን ፀጉሩ ሸብቶ ይሆናል። ቀኝ እጁ ላይ ትልቅ ጠባሳ አለ። እንጨት ሲያይ ሳይዳብስ አያልፍም፣ ሲሠራም እግዚኦ ይላል። ያየው ወይም የሰማ ሰው ካለ፣ ንፋስ መውጫ ከመናኸሪያው በላይ ያሉትን እንጨት ሠሪዎች የስንዱን እናት ብሎ ቢጠይቅ ያሳዩታል። በሕይወት ካለ የት እንዳለ ንገሩኝ፤ ሞቶም ከሆነ አትደብቁኝ። ካለ ደግሞ፣ እጁ ይጨብጥ እንደሆነ ጠይቁልኝ።